ከድርቆሽ ሥር የወጣው ሞተር

ዶልኒ ያሰን፣ ማርች 4 ቀን 2012

ለተከበሩ አጎቴ ሻኪር፦

እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎስ ደኅና ናቸው? እርስዎ አያውቁኝም፤ እናቴ እንደምትለው ከሆነ ግን ያውቁኛል፣ የማላውቅዎት እኔ ነኝ። ሉበን እባላለሁ፣ የራንጌልና የቬና ልጅ። ሳንተዋወቅ ስለጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልደውል ስል እናቴ፣ «ሻኪር ስልክ አይሰማም። አንተ ስለ ሞተር ትጠይቀዋለህ፣ እሱ ስለ ቲማቲም ይመልስልሃል። ጻፍለት» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ታህሲን ነው፣ ከኛ ከቡልጋሪያ ቱርክ፣ ቡርሳ ድረስ የሚመላለሰው አውቶቡስ ሹፌር። መልስ ካለዎት ለሱ ይስጡልኝ፤ ከርጃሊ መናኸሪያ ወርጄ እቀበለዋለሁ።

ክፉውን ወሬ አስቀድሜ ልንገርዎና ይውጣልኝ። አባቴ በመከር አረፈ። የደረቀ ትምባሆ ሊያወርድ መሰላል ላይ እንደወጣ ልቡ ከዳው። እናቴ እስካሁን ያልጻፈችልዎ ረስታ አይደለም። ብዕር ታነሳለች፣ ስምዎን ትጽፋለች፣ ከዚያ ትተወዋለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የምኖረው ሃስኮቮ ነው፤ የሴራሚክ መደብር ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ወደ መንደር እመጣለሁ። ባለፈው ወር የድርቆሽ ቤቱን ሳጸዳ፣ ከድርቆሹ ሥር በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ የአባቴን ሞተር ብስክሌት አወጣሁት። ያ ባልካን የሚባለው አሮጌ የአገራችን ሞተር፣ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳው። መኖሩንማ አውቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንዴ ብርድ ልብሱን ገልጬ ስነካው አባቴ በጥፊ መታኝ፤ በሕይወቱ እጁን ያነሳብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አልደረስኩበትም።

አባቴ ዝምተኛ ነበር፤ ካወቁት ይህን ማስረዳት የለብኝም። አቅፎ የሳመኝ ቀን ትዝ አይለኝም። አንድ ነገር ግን አለኝ። አራት ወይ አምስት ዓመቴ ነው። ሞተሩ ላይ ነን፤ እኔ ከፊት፣ የቤንዚን ታንከሩ ላይ። ወደ ንስር ድንጋይ የሚያስወጣውን ዳገት ተያይዘነዋል። የሚታየኝ መንገዱና መሪውን የያዙት የአባቴ የቆዳ ጓንቶች ናቸው። አንድ እጁ ደግሞ ሆዴን አቅፎኛል። ነፋሱ አፌን ሞልቶት መተንፈስ እያቃተኝ እስቃለሁ። ከአባቴ የቀረኝ ሀብት ይህ ነው። በአርባው ዕለት ይህንኑ ለጎረቤቶች ስናገር ማዕዱ ሁሉ ጸጥ አለ። እናቴም ሾርባ ላምጣ ብላ ወጥታ ቀረች።

ስለዚህ ሞተሩን አስነስቼ፣ ለጊዮርጊስ በዓል ያንኑ ዳገት ልወጣበት ተስያለሁ። ቀለሙ ረግፏል፣ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ማርሚታውን ዝገት በልቶታል፤ ይህ አያስገርምም። ያስገረመኝ ሌላ ነው። ካንዴላውን ፈትቼ ሳይ ውስጡ ዘይት ተሞልቷል። ንጹሕ፣ የማር መልክ ያለው ዘይት። ሃስኮቮ ያለ መካኒክ ጠይቄ «ይሄን ያደረገው ወይ ሞኝ ነው ወይ በጣም ብልህ» ብሎ ሳቀብኝ። ምን ላድርገው? እናቴ «ሻኪር ያንን ሞተር ከነአንጀቱ ያውቀዋል» ስላለችኝ ነው የማስቸግርዎ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኛ አጥር ማዶ አጎቴ ሳቮ የሚባል ሰው ነበር፤ ሲስቅ የወርቅ ጥርሱ ያበራል። አንድ በጋ ድንገት ጠፋ፣ ቤቱም ተዘጋ። በኛ አካባቢ ከሠሩ ሳያውቁት አይቀሩም። የት ደርሶ ይሆን?

አክባሪዎ ሉበን


ቡርሳ፣ ማርች 21 ቀን 2012

ልጄ ሉበን፦

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ ረጅሙም፣ ከኋላው የላክኸው አጭሩም። የመጀመሪያውን ታህሲን እንደሰጠኝ እዚያው አውቶቡሱ አጠገብ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። ራንጌል ሞተ? እኔ እኮ በየዓመቱ ከሱ በፊት የምሞተው እኔ ነኝ እያልኩ ነበር። እናትህን አላህ ያጽናት። አንተንም።

ባለቤቴ ናዝሚዬ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ አነበበችና ኩሽና ገባች። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሃልቫ የሚባል ጣፋጭ ተሠርቶ ለጎረቤት ይታደላል። ለራንጌልም ተሠራለት። «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ሲሉን «ወንድም» አልን። ከዚህ በላይ ማስረዳት አልቻልንም።

ስለ ዘይቱ ልንገርህ። ካንዴላውን ፍታ፣ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣል፣ ከዚያ የማስነሻ መርገጫውን በእግርህ ሳይሆን በእጅህ ቀስ እያልክ ተጫነው። ዘይቱን ራሱ ይተፋዋል። ካርቡራተሩን ፈታተህ በቤንዚን እጠበው፤ በሽቦ እንዳትጎረጉረው፣ ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ። ታንከሩ ውስጥ ዝገት ካለ ጥቂት ጠጠርና ጋዝ ጨምረህ እስኪደክምህ ነቅንቀው። ያደረገው ሰው ሞኝ አይደለም። በየፀደዩ አንድ የቡና ስኒ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ያፈሰሰ ሰው ሞተሩ ውስጡ ዝጎ አይነክስበትም። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት፣ አንድም ፀደይ ሳያጎድል... ይቅር።

አባትህ እንዴት ይነዳ እንደነበር በአጭሩ ደብዳቤ ጠይቀኸኛል። ምን ልበልህ። ያ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ራንጌል ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ለዛሬ ይህ ይብቃህ።

ሳቮንም አውቀዋለሁ። በሕይወት አለ። የወርቅ ጥርሱ ግን ወልቋል። በዚያ ስም ብዙ ዓመት አልቆየም፤ አይወደውም ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ከመቀመጫው ሥር አንድ ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ነበር፤ አለ? የማርሽ መርገጫው እንደጎበጠ ነው ወይስ አቃንተውታል? ብርድ ልብሱስ ቀይና ጥቁር መስመር ያለው ነው? ስለማይረባ ነገር ስለምጠይቅህ አትታዘበኝ። ያረጀ ሰው የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው።

ሻኪር


ዶልኒ ያሰን፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2012

ለአጎቴ ሻኪር፦

ለዘገየሁበት ይቅርታ። ከታህሲን ጋር ሁለቴ ተላለፍን።

ቀበቶው አለ፤ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል። ብርድ ልብሱም እንዳሉት ቀይና ጥቁር ነው፤ እንዴት አወቁ? እናቴ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጥታዋለች። ለአሮጌ ብርድ ልብስ ይህን ያህል ምን ያደክምሻል ስላት «የሰው ዕቃ ነው» አለችኝ። የየትኛው ሰው ብላት ልብሱን ማራገፍ ቀጠለች።

ሞተሩ ተነሳ! ባለፈው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ። መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ከዚያ ግቢውን ሰማያዊ ጭስ ሞላው፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጠፉ። ደስታዬ ለሰው የሚነገር አይደለም፤ ብቻዬን እየጮህኩ ግቢውን ዞርኩ። ቀና ስል እናቴ መስኮቱ ላይ ቆማለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። መጋረጃውን ስባ ገባች። 

አሁን ግራ የገባኝን ልንገርዎ። እኔና አባቴ ቁመታችን እኩል ነው፤ ካፖርቱን ለብሼው አውቃለሁ፣ ልክ ይሆነኛል። ሞተሩ ላይ ስቀመጥ ግን ጉልበቴ መሪውን ይነካል። መሪው ወደ ኋላ ተጎትቷል። የማርሽ መርገጫውም ጎብጦ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ላቃናው ነበር፣ እርስዎ ስለጠየቁኝ ተውኩት። የተስተካከለው ለአጭር ሰው ነው። አባቴ ያን ያህል ተኮራምቶ ነበር የሚነዳው?

ደግሞ እጁ። ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይይዛል። ቀኝ እጅ ቤንዚን ይሰጣል፣ የፊቱንም ፍሬን ይይዛል። የንስር ድንጋይ መንገድ ላይ ኩርባ በመጣ ቁጥር ማርሽ መቀየር ግድ ነው። ታዲያ ሆዴን ያቀፈኝ የትኛው እጅ ነው? ስንት ሌሊት ተገላበጥኩበት መሰለዎ። እጁ መኖሩን ከስሜ እኩል ነው የማውቀው፤ ሙቀቱ ሳይቀር ትዝ ይለኛል። ሞተሩ ግን ሊሆን አይችልም ይለኛል።

እናቴን ስጠይቅ «ሻኪርን ጠይቀው» ትላለች። እርስዎን ስጠይቅ «ጠንቃቃ ነበር» ይሉኛል። ስለ ሳቮ የጻፉትን ሳነብላት ደግሞ ሳቀች፣ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰች። እኔ ነኝ የደነዘዝኩት ወይስ ሁላችሁም ተማክራችኋል?

ሉበን


ቡርሳ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 2012

ልጄ ሉበን፦

ይህ ሦስተኛው ደብዳቤ ነው፤ የፊተኞቹን ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። ናዝሚዬ ራስጌዬ ላይ ቆማለች።

«ንገረው» ትለኛለች።

«እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ ይነገራል?»

«ታዲያ በምን ይነገራል? በስልክ እንዳትነግረው ጆሮህ ደፍኗል። ሄደህ እንዳትነግረው ዳሌህ አይራመድም። በእርግብ ትልክለታለህ?»

«ከአባቴ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው እያለኝ እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!»

ይህን ስላት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሱም እውነት ነው» አለች። አሁን ሁለታችንም ግራ ተጋብተን ተቀምጠናል፤ ሻዩም ቀዘቀዘ።

ስለዚህ ሌላውን ትቼ የምለምንህን ልጻፍ። የትኛው እጅ እንደሆነ ለማወቅ ብለህ መሪውን እንዳትለቅ። እማጸንሃለሁ። የዚያ ሞተር የኋላ ፍሬን ዘግይቶ ነው የሚይዘው፤ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ያለው ጠጠር ደግሞ ሰው ይጥላል። ለበዓሉ ብለህ አትቸኩል። ጊዮርጊስ ለኛም በዓል ነው፣ በሌላ ስም እናከብረዋለን፤ ሲመጣም ሲሄድም አውቀዋለሁ፣ ከርሞም ይመጣል።

የቀረውን ከእናትህ ጋር ተቀምጣችሁ ብትነጋገሩት ይሻላል። እኔ ልጽፈው ስጀምር ብዕሩ ወደ ቲማቲም ይሄድብኛል።

ሻኪር


ሃስኮቮ፣ ሜይ 10 ቀን 2012

አጎቴ ሻኪር፦

የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው፤ ግራው በጀሶ ታስሯል። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከወደቅኩ በኋላ ነው።

በበዓሉ ጠዋት ወጣሁ። መጀመሪያ ደኅና ነበር፤ ነፋሱም፣ ሽታውም፣ ልጅ ሆኜ እንደማውቀው ነው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስደርስ ግራ እጄን ለቅቄ ሆዴ ላይ አደረግኩት። እንዲያው ላየው ብዬ። ቦይ ውስጥ ገባሁ። እናቴ ከታች ከወይን እርሻው አይታኝ እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆነህ ነው እጅህን የለቀቅከው?» አለችኝ፣ ትንፋሽዋ እየተቆራረጠ።

«አባቴ በአንድ እጁ ይነዳ ነበር!»

«አባትህ?» ብላ ጮኸች። «አባትህ ብስክሌት መንዳት አይችልም ነበር! አህያ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው! ሞተሩ የሱ አይደለም፣ የሻኪር ነው! የሚነዳውም ሻኪር ነው! አንተ ሳቮ የምትለው ሻኪር ነው!»

ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ የለም፤ ስትሮጥ ወልቋል። «ሳልነግርህ ልሞት ነበር ያሰብኩት» አለችኝ። «በአርባው ዕለት እንደዚያ ደስ ብሎህ ስትናገር እንዴት አድርጌ ልንገርህ?»

ይኸው አሁን አወቅሁ። ማዕዱ ላይ የነበሩት ሁሉ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እርስዎም ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ስለ ሳቮ ስጠይቅ ስቀውብኝ ይሆን?

ዓይኔን ስጨፍን ጓንቶቹ አሁንም አሉ፤ ውስጣቸው ያለው ሰው ግን ጠፋብኝ። ልቆጣዎት እፈልጋለሁ፣ ደግሞ በዚያ የወርቅ ጥርስ የሳቁልኝ ሰው እርስዎ ከሆኑ እንዴት ልቆጣዎት? እኔ በእርስዎ ሞተር ላይ ስስቅ አባቴ የት ነበር? የሰው ሞተር ድርቆሽ ሥር ለምን ይደብቃል? ስነካው ለምን መታኝ? ሰርቆት ነው? ይህን ቃል ጽፌ ሰርዤው ነበር፤ መልሼ ጻፍኩት፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ሁሉ ወደሱ ይመራሉ። እናቴን ስጠይቃት «እሱን ሻኪር ይንገርህ፣ ነገሩ የሱ ነው» አለችኝ።

ሉበን


ቡርሳ፣ ሜይ 22 ቀን 2012

ልጄ፦

እጅህ እንዴት ነው? ጣቶችህን ታንቀሳቅሳለህ? ናዝሚዬ «በመጀመሪያ ይህን ጠይቀው» ስላለችኝ ነው፤ እኔም ልጠይቅህ ነበር።

አልሳቅሁብህም። ስለ ሳቮ የጻፍከውን ሳነብ ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቅም። ያን ስም የሰጠኝ መንግሥት ነው፤ የሚወደኝ ሰው በዚያ ስም ሲጠራኝ የሰማሁት ካንተ ብቻ ነው፣ ሕፃን ስለነበርክ ሌላ ስም እንዳለኝ አታውቅም። አንተ ከተወለድክ ብዙም ሳይቆይ፣ በአንድ ክረምት፣ ወታደሮች በበረዶ ውስጥ መጥተው መንደሩን ከበቡ። እኛ ቱርኮቹ፣ ቱርክ የሚባል ሕዝብ በቡልጋሪያ የለም፣ የቡልጋሪያ ስም ምረጡ ተባልን። ሳቬሊ የሚል ደረሰኝ። ሳቮ ሆንኩ። በመንገድ ላይ ሻኪር ብሎ የጠራኝ ሰው ይቀጣል፤ እኔም ብመልስ እቀጣለሁ። የገዛ ሚስቴ ዳቦ ቤት ስትጠራኝ «ስማ» ትለኝ ጀመር።

አራት ዓመት ሲሞላህ ትክትክ ያዘህ። ስታስል ፊትህ ይጠቁራል፤ ከኛ ቤት ሆነን እንሰማሃለን። የከርጃሊው ሐኪም መድኃኒት ሰጠህ፣ አሮጊቶቹ ደግሞ የተራራ አየር ካላገኘ አይለቀውም አሉ። አንድ ማለዳ ራንጌል መጥቶ አጥሩ ላይ ቆመ፤ ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል።

«ልጁን ወደ ላይ ውሰድልኝ» አለ።

«እወስደዋለሁ። አንተም ና።»

«እኔ? እዚያ ነገር ላይ?»

«ማን ይይዘዋል ታዲያ? እኔ ያለኝ ሁለት እጅ ነው፣ ሁለቱንም ሞተሩ ይፈልጋቸዋል።»

የራንጌል ፊት አመድ መሰለ። ያ ግዙፍ ሰው ሁለት ጊዜ እግሩን አንስቶ መልሶ አወረደ። ግን ወጣ። እንዳይወድቅ ያን ቀበቶ በሁለታችን ወገብ ዙሪያ አሰርነው። አንተን ታንከሩ ላይ አስቀመጥንህ። ክንዱ ረጅም ነው፤ በኔ ጎን አሳልፎ ደረሰብህ፣ መዳፉን ሆድህ ላይ ዘረጋ። ጓንቶቹ የኔ ናቸው፣ ሉበን። ሆድህ ላይ ያለው እጅ ግን የአባትህ ነው። እስኪሻልህ ድረስ በየማለዳው ወጣን፣ በየማለዳውም እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር የሚፈራው። አንድም ቀን ግን ቀርቶ አያውቅም።

ሌላ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ቤቶቹን አልፈን ወደ ላይ ስንታጠፍ ራንጌል ከኋላዬ መጮህ ይጀምራል። «ሻኪር! ቀስ በል! ሻኪር፣ ገደል ነው! ሻኪር!» በሞተሩ ድምፅ ውስጥ ማን ይሰማዋል? በዚያ ዘመን ስሜ ጮክ ብሎ የሚጠራው እዚያ ብቻ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ መሰለህ? እንዲጮህ ብዬ ፍጥነት እጨምራለሁ። እሱም ያውቃል። ያውቅ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ወርደን ሲጋራ ስናቀጣጥል «ዛሬ በቃህ ወይስ ልጨምርልህ?» ይለኝ ነበር።

ኋላ የቱርክ ድንበር ተከፈተና ሂዱ ተባልን። ፍራሽና ድስት በሰው መኪና ላይ ጭነን ወጣን። ሞተሩ አይጫንም። በዚያ ሰሞን የመንደሩ ሹማምንት በየቤቱ እየዞሩ የተተወውን ዕቃ ይሰበስቡ ነበር። ራንጌል በጠራራ ፀሐይ ሞተሩን እየገፋ ወደ ግቢው አስገባው። ሹማምንቱ መጡበት።

«ከሳቮ ገዝቼዋለሁ» አላቸው።

«አንተ? አንተ ደግሞ ሞተር ትነዳለህ?»

«እማራለሁ።»

ሳቁበት፤ ተውት። እሱም የናዝሚዬን ብርድ ልብስ አልብሶ ድርቆሽ ከመረበት። የሰረቀ ሰው ዕቃውን ይሸጣል ወይ ይጠቀምበታል። እሱ ሁለቱንም አላደረገም። ለምን እንደመታህ ግን እዚያ አልነበርኩምና እርግጡን አላውቅም። ሕፃን ነበርክ፣ ውጭ ወጥተህ «ሞተሩ የኛ አይደለም፣ የአጎቴ ሳቮ ነው» እንዳትል ፈርቶ ይሆናል።

ዘመኑ ሲለወጥ ናና ውሰደው ብሎ ጻፈልኝ። ቤት እየሠራሁ ነው አልኩት። ቤቱ አለቀ፤ ልጅ ልድር ነው አልኩት። ከዚያ ዳሌዬን አልኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያ ሞተር እዚያ እስካለ ድረስ ጨርሼ የወጣሁ አይመስለኝም ነበር። ራንጌልም ሳይገባው አልቀረም፤ ከጊዜ በኋላ ና ማለቱን ትቶ በየፀደዩ አንድ መስመር ብቻ ይልክልኝ ጀመር፦ «ዘይቱን አፍስሻለሁ።»

ሻኪር


ዶልኒ ያሰን፣ ጁን 30 ቀን 2012

ለውድ አጎቴ ሻኪር፦

ብዙ ቆየሁ። ያ «ሰርቆት ነው?» ያልኩት ቃል አሳፍሮኝ ነው፤ እርስዎ ይቅር እንዳሉኝ አውቃለሁ፣ አባቴን ግን ማን ይቅርታ ይጠይቅልኛል? ሁለት ጊዜ መቃብሩ ጋ ሄጄ ሣሩን ነቅዬ ተመለስኩ። አላወራሁትም። ከሱ ጋር ማውራት አልለመድኩም።

ደብዳቤዎን ለእናቴ ሳነብላት የመዳፉ ቦታ ላይ ስደርስ «በቃ፣ ነገ ትጨርሰዋለህ» አለችኝ። በማግስቱ ራሷ አመጣችው።

ግራ መጋባቴ ያለፈ እንዳይመስልዎ። በፊት የማለቅሰው ለማይፈራ አባት ነበር፣ ተራራ ላይ በአንድ እጁ ለሚነዳ። እሱ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው መጣብኝ፦ ዓይኑን የጨፈነ፣ በቀበቶ የታሰረ፣ ከሰው ጀርባ እጁን ዘርግቶ የሚፈልገኝ። ይህን ሰው አላውቀውም። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው በልቻለሁ፣ አላውቀውም። ኢስክራ፣ ባለቤቴ፣ «ታዲያ ይሄኛው አይሻልም?» ትለኛለች። ይሻላል። ግን አሁን ብነግረው አይሰማኝም።

ለሌላው ጥያቄዎ፦ እጄ ድኗል። የሞተሩን መሪ አቅንቼዋለሁ፤ ታንከሩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቀለሙ ብቻ ቀርቶታል። የእርስዎ ነውና ቀለሙን ይንገሩኝ። ከፈለጉ እስከ ድንበር ነድቼ አመጣልዎታለሁ። ወይም ይምጡና ይውሰዱት። እንዲመጡ ነው የምፈልገው።

ሳልነግርዎ የቆየሁት ነገር አለ። በኅዳር ልጅ እንጠብቃለን። ለእናቴም የነገርናት ትናንት ነው።

የእርስዎ ሉበን

ሻኪር፣ ቬና ነኝ። ልጁ ወረቀቱን ሳይዘጋው ቀማሁት። ናዝሚዬን ይዘህ ና። ብርድ ልብሷን አጥቤ አስቀምጬላታለሁ። ዳሌዬ ምናምን እንዳትለኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ የሚቀመጠው ሌላ ነገር ነው።


ቡርሳ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2012

ልጄ ሉበን፦

በሰላም ገብተናል። ናዝሚዬ እናትህ የሰጠቻትን የቃሪያ ድልህ ድንበር ላይ እንዳይወስዱባት ጭኗ ላይ አቅፋ ነው የመጣችው፤ ማንም አልጠየቃትም። ቬና ብርድ ልብሱን አልቀበል ማለቷን ግን እስካሁን ታነሳለች። አንዷ «ውሰጂው»፣ አንዷ «ይቅርልሽ» እየተባባሉ ሲጓተቱ እኮ ሊቀድዱት ነበር።

ሳልሰናበትህ አውቶቡስ ውስጥ ስለገባሁ ተቀይመህ ይሆናል። አልቅሼ እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው። የድሮ ቤቴን ስናልፍ ለምን ቀና እንዳላልኩም ጠይቀኸኝ ነበር። በሩ ላይ የማላውቀው ሰው ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል፤ ልጁ «ደኅና ዋሉ አባባ» አለኝ። ምን ልበለው? ደኅና ዋል አልኩት። መቃብሩም ላይ ብቻዬን ተውኝ ያልኩህ ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ነው። በቱርክኛ ጀመርኩ፣ በቡልጋርኛ ጨረስኩ፣ መሃሉ ላይ የቱ እንደነበር አላስታውስም። ራንጌል እንደሆነ ሁለቱንም ይሰማል።

ሞተሩን ለምን ትቼው እንደሄድኩ በስልክ ናዝሚዬን ጠይቀሃት «እኔንጃ» ብላሃለች። እውነቷን ነው፤ እኔም አውቶቡስ ውስጥ ነው የገባኝ። ልወስደው ነበር የመጣሁት። በረንዳው ሥር ቦታ ጠርገንለታል። ሐሳቤ የተለወጠው አንተ ነድተህ እኔን ከኋላ ስታስቀምጠኝ ነው።

ያን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቼዋለሁ፤ ከኋላ ተቀምጬ ግን አንድም ቀን ወጥቼው አላውቅም ነበር። ከኋላ እኮ ምንም አይታይም! የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ኩርባው መቼ እንደሚመጣ አታውቅም፣ በየት በኩል እንደምትጋደል አታውቅም፣ ሌላው ሰው የፈቀደው ይሆናል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለተኛው ላይ «ቀስ በል!» ብዬ ስጮህ ሰምተኸኛል፤ ትከሻህ ሲስቅ ታውቆኛል። ደስ እያለኝ ስነዳ፣ እንዲጮህልኝ ብዬ ስፈጥን፣ ራንጌል ይህን ነበር ለካ ተሸክሞ የሚወጣው። በማግስቱም ተመልሶ አጥሩ ላይ ይቆማል። እኔ ደፋር የምባል ሰው ነኝ፣ መንደሩን ጠይቅ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ሁለተኛ ቀን ላይ የምደግመው አይመስለኝም።

ስለዚህ ሞተሩ እዚያው ይሁን። ቀለሙን ኢስክራ ትምረጥ። መሪውን እንዳቃናኸው ተወው፣ ለረጅም ሰው ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ብቻ። ልጅህ አድጋ፣ ሴት ከሆነች ነው እንግዲህ፣ ናዝሚዬ ሴት ናት ብላለች፤ አድጋ ስለዚህ ሞተር ስትጠይቅህ የኛን ነገር ሁሉ ማስረዳት ሊከብድህ ይችላል። ስሙ፣ ወታደሩ፣ ድንበሩ፣ ለሕፃን ይበዛል። አያትሽ ነበር የሚነዳው ብለህ ብትነግራት አልቀየምም። ሻኪርስ የት ነበር ካለችህ፣ ከኋላ ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በላት።

ሻኪር